የአቦይ ሃብተ ግማሽ ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ማዮርስቱን የሚባለው የሀብታም ሰፈር ውስጥ የአንዲት ሟች አሮጊት ቤት ላስለቅቅ ገብቼ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሰው ሲሞት ወይም ሲፋታ እኔ እጠራለሁ፣ የሚሸጠውን ከሚጣለው እለያለሁ። የሟቿ ልጅ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በሩ ላይ ቆሞ ይመለከተኛል። ይመለከተኛል ስል ይሰልለኛል ማለቴ ነው። አልፈርድበትም፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም እኔን አላምነኝም። የታችኛውን መሳቢያ ስስበው ከዕቃው በፊት ሽታው ወጣ። የቆየ የጃፓን ወረቀት ሽታ ከሌላ ወረቀት ጋር አይምታታም። እርጥበት አለበት፣ የሙጫ ነገር አለበት፣ ከስሩ ደግሞ ዝናብ መትቶት የደረቀ ጭድ የመሰለ ጣፋጭ ነገር አለው።

«ዋጋ አለው?» አለኝ ልጁ።

«ወረቀት ነው» አልኩት።

ይህ ውሸት አይደለም። የቀረውን ሁለተኛ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። እስኪጠይቀኝ ድረስ ግን እጄ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ቆሜ ነበር፤ ሽታው ትቬይታ፣ አቦይ ሃብተ ሳሎን ውስጥ ወስዶ አስቀምጦኝ።

ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው በከተማው ምሥራቅ፣ ትቬይታ ካሉት ሦስት ረጃጅም ብሎኮች በአንዱ ነው። አባቴ ተሾመ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ እናቴ ከሰዓት በኋላ ቢየርቪካ ቢሮ ታጸዳለች። ዛሬ እዚያ የቆመው የኦፔራ ቤት ያኔ ገና ክሬን ነበር። አቦይ ሃብተ ከእኛ በታች ብቻቸውን ይኖራሉ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ። «አቦይ» በትግርኛ አባት እንደማለት ነው። አማርኛቸውን መርካቶ ስለተማሩት ከአባቴ አማርኛ ይፈጥናል፣ ስድቡም ይበልጣል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው እሳቸው ጋ ነበር።

አባቴንና እሳቸውን ያገናኛቸው ቅዳሜ ነው። እዚህ ኖርዌይ የትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ መለከት መግዣ ሲያጣ ሰፈሩ ሁሉ አሮጌ ዕቃውን አውጥቶ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ይቸረችርለታል፤ ሎፐማርከድ ይሉታል። ልምድ ያለው ነጋዴ ከምሥራቅ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሰፈሮች ነው የሚሄደው። ምክንያቱም ሀብታም ሰው ምን እንደጣለ አያውቅም። በሩ ሳይከፈት ጀምሮ ይሰለፋል፤ ቦርሳውን ተራ አስይዞ ቫፈል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ሊገዛ ይሄዳል፤ ሲመለስ ቦርሳው ወደ ኋላ ተገፍቶ ያገኘዋል። በዚያ ሰልፍ ማንም ማንንም አያምንም፣ ሁሉም ግን ፈገግ ይላል።

አባቴ ዘንድ መጠርጠር ጨዋነት ነው። ወተት ሲገዛ እንኳ ከፊት ያለውን ካርቶን አልፎ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ የኋለኛውን ነው የሚያወጣው። አቦይ ሃብተ ደግሞ የኋለኛውንም አያምኑም።

ሥዕሎቹን ያገኟቸው በእንደዚያ ዓይነት ቅዳሜ ነው። ከአሮጌ ፍሬሞች ጀርባ የተወሸቀ ትልቅ የካርቶን ማኅደር ነበር፤ አባቴ በአንድ ጫፍ፣ አቦይ ሃብተ በሌላው ጫፍ እኩል ያዙት። አንዱም አለቀቀም። እንደዚያው ይዘውት ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ሄዱ፣ እንደዚያው ይዘውት በምድር ውስጥ ባቡር ተመለሱ። ውስጡ ሦስት ወረቀቶች ነበሩ፤ ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንድ ሥዕል የሚሆኑ። የጃፓን ሥዕል ነው፣ መቶ ዓመት ያለፈው፣ በተቀረጸ እንጨት ላይ ቀለም እየተቀባ የታተመ። ወንዝ ላይ ጀልባ፣ ጀልባው ላይ ሴቶች፣ በስተግራ ጀልባውን በረጅም ዘንግ የሚገፋ ሰው፣ በሁሉም ላይ የማታ ሰማይ። ጀልባው ከመካከለኛው ወረቀት ይጀምርና አፍንጫው ግራው ወረቀት ላይ ያበቃል።

ሁለቱ ነጋዴዎች እንዲህ ተካፈሉ። አባቴ የቀኙንና የመካከሉን ወሰደ፤ አቦይ ሃብተ የግራውን ከአንድ ጥሩ ፍሬም ጋር። ሦስቱ ካልተገናኙ ጥሩ ገዢ አይመጣም፤ ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ሊሸጥ አይችልም። የማይተማመኑ ሰዎች ሽርክና የሚሠራው እንዲህ ነው። እኔ እስከ ዛሬ የምሠራው በዚሁ ነው።

አባቴ ድርሻውን ፍራሽ ስር ከተተ። አቦይ ሃብተ ፍሬም ስለነበራቸው ሰቀሉት፤ ከወንበራቸው ትይዩ ባለው አረንጓዴ ግድግዳ ላይ። እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራው ከሥዕሉ ስር ነበር። በሥዕሉ ጥግ ላይ ትናንሽ ማኅተሞች ነበሩ። በቤታችን ማኅተም የሚባለው ነገር አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ የመኖሪያ ፈቃድ። ስለዚህ ዘንግ የያዘው ሰውዬ ፈቃድ አግኝቷል ብዬ ደመደምኩ፤ ጀርባውን ሰጥቶን የሚቆመውም ከእንግዲህ ማንም ስለማይጠይቀው ነው አልኩ። አድጌ ሳጣራ ከማኅተሞቹ አንዱ እውነትም ፈቃድ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ዘመን ሥዕል ከመታተሙ በፊት የመንግሥት ሰው አይቶ ይፈቅድ ነበርና።

ጠቡ የመጣው ሥዕሉ ከተሰቀለ ሦስት ዓመት አልፎት፣ የበረዶው ወራት ሊያበቃ ሲል ነው። አንድ የማዮርስቱን የጥንት ሥዕል ባለሱቅ ሦስቱን ሊያይ ቤታችን መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ ነጭ የጨርቅ ጓንት አጠለቀ። ጓንቱን ሳይ ሐኪም መሰለኝ፤ ሥዕሎቹ ታመው ሊመረምራቸው የመጣ። አባቴ ሁለቱን ከፍራሹ ስር አወጣ። አቦይ ሃብተ የራሳቸውን ከነፍሬሙ፣ ከነመስታወቱ ተሸክመው ወጡ።

«ከፍሬሙ ይውጣ?» አለ ባለሱቁ።

«እንዳለ ይታይ» አሉ አቦይ ሃብተ። ከዚያ ለአባቴ በአማርኛ፦ «ካወጣሁለት እጁ ላይ ይለውጥብኛል። ጓንት የሚያደርግ ሰው ምን የሚደብቀው አለው?»

ሦስቱ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። በእኛ ሁለት ወረቀቶች ላይ ሰማዩ ከላይ ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው ሐምራዊ ነው፣ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። የአቦይ ሃብተ ሰማይ ሻይ የፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብስ ይመስላል።

«ይኼ ከነዚህ ጋር አይሄድም» አለ ባለሱቁ በኖርዌጂያን፣ ቀስ ብሎ።

አባቴ ቀና አለ። «ጋሽ ሃብተ፣ የኛው የት ሄደ?»

«የቱ የኛው?»

«ዋናው። ይኼ ኮፒ ነው።»

«ኮፒ?» አሉ አቦይ ሃብተ። «የመቶ ዓመት ዕቃ ማርጀት አለበት። የኔ አርጅቷል። ያንተ ነው ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣ የሚመስለው። ይልቅ አንተ ንገረኝ፣ የድሮዎቹን ለማን ሰጠህ?»

ባለሱቁ ጓንቱን እያወለቀ ሁለቱን ብቻ ልውሰድ አለ፤ አባቴ እምቢ አለ፤ ሰውየው ሄደ። አሁን ሳስበው ነገሩን ያውቅ ነበር። ሥራው ነው፣ አለማወቅ አይችልም። እኔም ዝም እል ነበር፤ ግን በወሩ በርካሽ ልገዛ ተመልሼ እመጣ ነበር።

አቦይ ሃብተ ፍሬማቸውን አቅፈው ወደ ሊፍቱ ሲሄዱ አባቴ ተከተላቸው፣ እኔ አባቴን ተከተልኩ። የሊፍቱ በር ሲከፈት የብሎካችን ሁለት ሐበሻ ነርሶች የገበያ ከረጢት ይዘው ይወጣሉ። በዚያች ቅጽበት አባቴ አቦይ ሃብተን አንተ አላቸው። ሁልጊዜ እርስዎ የሚላቸውን ሰው፦

«አንተ ሌባ!»

ነርሶቹ ወለሉን አዩ። አቦይ ሃብተ ፍሬሙን እንዳቀፉ ሊፍቱ ውስጥ ገቡ፣ ዞረውም አላዩንም። በእኛ ብሎክ ሁለት ነርስ የሰማው ነገር እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ደረሰም። ከዚያ በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ለማስታረቅ ሞከሩ፤ አቦይ ሃብተ የመለሱት መልስ አንድ ነበር። «የሰደበኝ እሱ ነው። ቃሉን ያንሳልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እኔ ቁልፍ በአንገቴ ተንጠልጥሎልኝ ብቻዬን የምውል ልጅ ሆንኩ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር እናቴ እራት ላይ ሳህኗን እያየች ተናገረች። «አቦይ ሃብተ ትሮምሶ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። በጥቅምት መጨረሻ ጠቅልለው ይወጣሉ።»

«ይሂዳ» አለ አባቴ።

«ስማቸውን ሳትመልስላቸው?»

«ሥዕሉን ሲመልስ ስሙን እመልሳለሁ።»

«ትሮምሶ ሩቅ ነው ተሾመ። ሰውዬው ሸምግለዋል። በዚህ ስም ይሂዱ?»

«እኔ ነኝ እንዴ ስሙን ያወጣሁለት?»

«አዎ» አለች እናቴ፣ ሳህኑን አነሳችበት።

እኔ ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጉዳዩን መረመርኩ። አንዱ ለውጧል፤ ይህ ግልጽ ነው። የትኛው? አቦይ ሃብተ ቤታቸውን ሁለቴ ቆልፈው፣ መልሰው ወጥተው እጀታውን ነቅንቀው የሚያረጋግጡ ሰው ናቸው። ምንም የማይደብቅ ሰው እንዲህ ይቆልፋል? አባቴ ደግሞ እሁድ እሁድ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ለብቻው ይቀመጣል። እንቅልፍ ነው ይላል። ሁለቱንም ጠረጠርኩ። እናቴንም ትንሽ ጠረጠርኳት፤ ፍራሹን የምታነጥፈው እሷ ናት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ የአቦይ ሃብተን በር አንኳኳሁ።

«ማን ነው?»

«ሜሮን ነኝ። የስፖርት ጫማዬን ረስቼ ነበር።»

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። አንድ ዓይን አየኝ። «ጫማሽ እዚህ ቢኖርም አሁን አይገባሽም። አባትሽ ነው የላከሽ?»

«ኔይ።»

«ኔይ አትበይኝ፣ በአማርኛ ዋሺኝ።»

«አይደለም አቦይ። እኔ ነኝ የመጣሁት።»

ሰንሰለቱ ወረደ። ቤቱ ግማሹ ሳጥን ሆኗል። ሥዕሉ ግን ቦታው ላይ ነው፣ ወንበራቸውም ትይዩው። ያ ሽታ ሳሎኑን ሞልቶታል፤ ያኔ የአቦይ ሃብተ ሽታ ይመስለኝ ነበር። ዳቦ ላይ የዚህን አገር ጣፋጭ ቡኒ አይብ ቆርጠው ሰጡኝና ቆመው ስበላ አዩኝ። አይብ እየሰጡ የሚያዩ ሰው ምን ፈልገው ነው ብዬ ቀስ ብዬ ነው ያኘክሁት።

«ኮፒ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አልኳቸው።

«ጓለይ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ፊቱን ማንም ሊያሳምረው ይችላል። ጀርባውን ነው የሚያዩት። እነዚያ ጃፓኖች ማተሚያ መኪና የላቸውም። እንጨቱን ቀለም ይቀቡታል፣ ርጥብ ወረቀት ያለብሱታል፣ ከዚያ ከጀርባው በእጃቸው እንዲህ፣ እንዲህ ያሹታል።» መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከሩት። «የእጁ ዙረት ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ቀለሙም ወደ ጀርባ ይሰርጋል። መኪና ያተመው ጀርባው እንደ ደብተር ንጹህ ነው። ሂጂ የአባትሽን ገልብጠሽ እዪ። ንጹህ ካልሆነ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።»

የሚያታልሉኝ መሰለኝ። ሌባ ሰው የሚያዝበትን ራሱ ያስተምራል? ቢሆንም እናቴ ሥራ፣ አባቴ መጋዘን ስለነበሩ ያን ቀን ፍራሹን በጀርባዬ ደግፌ አነሳሁትና ሁለቱን ወረቀቶች አወጣሁ። ገለበጥኳቸው። ሐምራዊው ወደ ጀርባ ሰርጓል። በብርሃን አንጻር ዘንበል ሳደርገው ደግሞ ክብ ክብ ጭረቶች ታዩ፤ አንድ ሰው፣ የሞተ ሰው፣ እጁን ሲያዞር። ደነገጥኩ። የተያዘ ሰው እጅ መሰለኝ።

ተመልሼ ወረድኩ። በሩ በሰንሰለት አልነበረም።

«ንጹህ አይደለም» አልኳቸው። «ዙረት አለው። ሁለቱም።»

አቦይ ሃብተ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ደስ ይላቸዋል ብዬ አልጠበቅሁም፣ ይቆጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕላቸውን አዩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት፣ እንደማይወዱት።

«እንግዲያው የሱ ዋና ነው» አሉ።

«የእርስዎንም ገልብጠን እንየው።»

«ተዪው።»

«ጀርባውን ነው የሚያዩት ብለውኝ...»

«ተዪው አልኩሽ። ይህን ቤት ቧንቧ ሠራተኛ ገብቶበታል፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ሰዎች ገብተውበታል፣ እኔ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ቁልፌ ሰው እጅ ነበር። ማን ለውጦት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አሁን ባላውቀው አልሰረቅኩም። ከፍቼው ኮፒ ከሆነ ግን አባትሽ እውነቱን ነው፤ እኔ ሌባ ባልሆንም በሌባ ስም እሄዳለሁ።»

የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ አይረዳም። የተረዳሁት አቦይ ሃብተ ፈርተዋል የሚለውን ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነው ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ይበልጥ ጠረጠርኳቸው። ቢሆንም በየቀኑ ሄድኩ። እሳቸው ሳጥን ይሞላሉ፣ እኔ ጋዜጣ እየቀደድኩ ብርጭቆ እጠቀልላለሁ፣ ሁለታችንም ሥዕሉን አናየውም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ቡኒዎቹ ዛፎች ዝቅ ስትል ቀጥ ብላ ሳሎን ትገባለች፤ አቦይ ሃብተ መጋረጃ አይወዱም። ብርሃኑ ሥዕሉ ላይ ተኝቶ ይቆያል።

የሚሄዱበት ቅዳሜ በረዶ ቀላቅሎ ዘንቦ ቆሟል። የልጃቸው ባል ትልቅ የዕቃ መኪና ከብሎኩ ስር አቁሞ ሳጥን ያወርዳል። እኔ ስደርስ ሳሎኑ ባዶ ነው፣ ድምፃችን ያስተጋባል። የቀረው ወንበሩ፣ አንድ ሳጥንና ሥዕሉ ናቸው። አቦይ ሃብተ ፍሬሙን ከምስማሩ አወረዱትና ፊቱን ወደ ራሳቸው አድርገው ያዙት፣ ሳያዩት።

እኔ ግን ያየሁት ግድግዳውን ነው። ፍሬሙ በነበረበት ቦታ ጥቁር አረንጓዴ ባለ አራት ማዕዘን ቀርቷል፤ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ዙሪያው ያለው ግድግዳ ከዚያ ጋር ሲተያይ የታጠበ ነው። እኔ ግድግዳው ከጥንት ጀምሮ የሳሳ አረንጓዴ ይመስለኝ ነበር።

«አቦይ፣ ግድግዳው ከስሩ አዲስ ነው።»

«ምን?»

«ይዩት። ሥዕሉ የሸፈነው አዲስ ነው። ሌላው ነው ያረጀው።»

አቦይ ሃብተ መጡ። አረንጓዴውን በጣታቸው ነኩት፣ ቀጥለው ጎኑን ነኩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ መጋረጃ ወደሌለው መስኮት። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ፍሬሙን ጭናቸው ላይ ገለበጡት።

«ያቺን ትንሽ ቢላ ስጪኝ» አሉ።

የጀርባውን ቴፕ ቀደዱት። ጣውላው ወጣ፤ ከዚያ ሥዕሉን ዙሪያውን የከበበው ነጭ ካርቶን። ካርቶኑ የወረቀቱን ጠርዝ ጣት በምታህል ስፋት ሸፍኖት ኖሯል። ሲነሳ በላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ሐምራዊ መስመር ወጣ። እኛ ቤት ያለው ሐምራዊ ራሱ፣ ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው። ከሱ በታች ወዲያውኑ የሻይ ቀለም ይጀምራል።

እኔ ሳልጠየቅ ወረቀቱን ገለበጥኩት። የእጁ ዙረት አለ።

አቦይ ሃብተ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቆይተው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከአፋቸው አልወጣም፣ ትከሻቸው ላይ ነው የታየው። «በሩን ሁለቴ እየቆለፍኩ» አሉ፣ «ሌባዋን ፀሐይ በመስኮት አስገባኋት። በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቀለሙ ሲሄድ አላየሁትም።»

ሊፍቱን አልጠበቅሁም፤ በደረጃ ሮጥኩ። አባቴ ወጥ ቤት ሬዲዮ ያዳምጣል። ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፦

«ቀብቶት ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ጠርዙን። ሐምራዊ ቀለም ገዝቶ ጠርዙን ቀብቶታል። ለምን ዛሬ? ለምን በሚሄድበት ቀን? ለምን አንቺን ጠርቶ?»

«አልጠሩኝም። ግድግዳውን ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ግድግዳውንም ቀብቶታል።»

እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች። እጇን ታጥባ መኝታ ቤት ገባች፤ ፍራሹ ሲገለበጥ ተሰማ። ሁለቱን ወረቀቶች በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። «ወይ አንተ ትወስዳቸዋለህ ወይ እኔ እወስዳቸዋለሁ። እኔ ከወሰድኳቸው አልመልሳቸውም።»

አባቴ ወሰዳቸው።

ባዶው ሳሎን ሲገባ ሰላምታ አልሰጠም። መጀመሪያ ግድግዳውን አየ፤ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ወደተዘረጋው ወረቀት ሄዶ ጎንበስ አለ። አሸተተው። ከዚያ ጣቱን ላሰ።

«በምራቅህ እንዳትነካብኝ» አሉ አቦይ ሃብተ።

«ቀለም ከሆነ ይለቃል።»

«ዋናው ከሆነም ይለቃል፣ አንተ ደደብ። አጠገቡ አስቀምጠው።»

አባቴ መካከለኛውን ወረቀት ከጨርቁ አውጥቶ ከጎኑ አስጠጋው። ሐምራዊው ከሐምራዊው ጋር ገጠመ፤ ከአንዱ ወረቀት ወጥቶ ሌላው ላይ ገባ፣ ሳይቋረጥ። የጀልባው አፍንጫ ከጀልባው ጋር ተያያዘ። አባቴ እንደ ጎበጠ ቀረ። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ይሰማል። የልጃቸው ባል በሩ ላይ ብቅ ብሎ የሁላችንንም ፊት አየና ተመልሶ ወረደ።

«የት ነበር የተሰቀለው?» አለ አባቴ፣ እያወቀው።

«እዚያው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ያንተስ?»

«ፍራሽ ስር።»

አባቴ ቀና ብሎ ሁለቱን ወረቀቶች ጨርቁ ላይ ደራረበ፣ በሁለት እጁ ያዘና ዘረጋላቸው። «ሦስቱንም ይውሰዱ።»

«አልጠየቅኩህም።»

«እኔ ነኝ የሰጠሁዎት። ለብቻዎ ይሽጡት። አልጠይቅዎትም።»

«ወረቀት አልጠየቅኩህም ተሾመ። ምን እንደጠየቅኩህ ታውቃለህ።»

አባቴ መስኮቱን አየ። አባቴ ለማንም ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ መጋዘኑ ውስጥ እግሩ ላይ ሳጥን የጣለ ጊዜ እንኳ ወለሉ ነው ጠማማ ብሎ ነበር።

«ሌባ አይደሉም።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፤ እኔማ አውቀዋለሁ» አሉ አቦይ ሃብተ። «ለልጅቷ ንገራት። ሊፍቱ ፊት ቆማ ሰምታለች።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ቀልቷል፤ የተቆጣኝ መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«ሜሮን» አለ፣ «ያን ቀን ስለ አቦይ ሃብተ ያልኩት ውሸት ነው። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬአቸዋለሁ።»

«አላልክም» አልኩት።

«አላለም» አሉ አቦይ ሃብተ።

ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ሃብተ።»

«ነርሶቹስ?» አልኩ።

«ለነሱም እነግራለሁ።»

«መቼ?» አሉ አቦይ ሃብተ።

«ነገ፣ ከቅዳሴ በኋላ።»

«እናትሽ አጠገቡ ትቁም» አሉኝ። እናቴ በማግስቱ አጠገቡ ቆመች፣ ነርሶቹም ሰሙ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አቦይ ሃብተ ተነሱ። የራሳቸውን ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ፣ ካርቶኑን ፍሬሙ ውስጥ መልሰው አሰሩት። የአባቴን ሁለት ወረቀቶች ግን በጨርቁ ጠቅልለው መለሱለት።

«ይውሰዱት አልኩ እኮ» አለ አባቴ። «ምን አስበው ነው?»

«አሁንም ትጠረጥረኛለህ?»

«ልምድ ነው።»

«ሦስቱንም ከወሰድኩ» አሉ አቦይ ሃብተ፣ ፍሬሙን ብብታቸው ስር እያስገቡ፣ «ለምን ብለህ ትደውልልኛለህ?»

አባቴ ወንበሩን አንስቶ ከኋላቸው ወረደ። መኪናው ላይ እስኪወጡ ክንዳቸውን ይዞ ቆመ፤ እኔ ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው አዞሩት። መኪናው በገበያ ማዕከሉ በኩል ታጥፎ ጠፋ።

ቤት ስንገባ አባቴ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወጥ ቤት ገባ። ጠረጴዛውን በክንዱ ጠረገና ሁለቱን ወረቀቶች ዘረጋቸው፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ። የእናቴ ሽንኩርት ድስት ውስጥ ይንጫጫል። አባቴ ጣቱን ሳያስነካ በሥዕሉ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ እያለ ሄደ፤ ዛፉን፣ ሴቶቹን፣ ውኃውን።

«ጀልባው ውስጥ ውሻ አለ» አለ።

«የት?» አለች እናቴ፣ ማንኪያዋን እንደያዘች።

«እዚህ። ሴትዮዋ ጭን ላይ።»

እናቴ ጎንበስ አለች። «ድመት ነው።»

«ውሻ ነው። ጆሮውን እዪዋ።»

«ቆይ፣ መብራቱን አብሩት» አለች፣ እሳቱን አጠፋችና ወንበር ሳበች።